ዘይኑ ያልበሳው ቀዳዳ

ዘይኑልአቢዲን የሐይቅ ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከተማው ይህን ረጅም ስም ለመጥራት ትዕግሥት ስለሌለው ዘይኑ ይለዋል። እጁን አላህ ባርኮታል፤ አፉን ግን ማን እንደረገመው እንጃ። በወጣትነቱ ደሴ ወጥቶ፣ ከአንድ ቁጡ ባለሙያ ሥር ሦስት ዓመት እየተኮረኮመ ሙያውን ተማረ፤ ቁጣውንም አብሮ የተማረ ይመስለኛል። ሌላ ሰው የዘረጋውን ቧንቧ ባየ ቁጥር "ይህን የሠራው ማን ነው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?" ሳይል አያልፍም። ሰዉ አፉን የሚችለው ለሥራው ሲል ነው። "ዘይኑ የነካው ቧንቧ አያንጠባጥብም" ይባልለታል፤ ለዚህች ቃል ሲል ከወለደችው እናቱ ጋር ቢሆንም ይጣላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ፈዲላ ቤቷ የጠራችው።

ፈዲላ ከጅዳ የተመለሰችው በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ ከዚያ ቤት አንድ ነገር ብቻ ወድዳ መጣች፦ ሳሎኑ ውስጥ የነበረውን የባሕር ዓሣ ገንዳ። ጨው ውኃ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ፣ ብዙ እግር ያለው ትንሹ ሽሪምፕ፣ ከድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የሚፈካ መርጃን። ባለቤቶቹ ለእንግዳ ያሳዩታል እንጂ የምታጥበውም፣ የምታበላውም፣ ሲታመም የምታስታምመውም እሷ ነበረች። ወደ እናቷ ወደ እሜቴ መስኡዳ ቤት ተመልሳ "እዚህ ሳሎን ውስጥ እንደዚያ ያለ እሠራለሁ" ስትል፣ የሐይቅ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አጀብ ነው! ሐይቁ አፍንጫዋ ሥር ተኝቶ ከጅቡቲ ባሕር ልታስጭን!"

"የኛ ሐይቅ ዓሣ፣ ቆሮሶው፣ ጨው ስላልተነሰነሰበት ናቀችው መሰል!"

ያልሳቀ ሰው ቢኖር ወንድሟ ባድሩ ነው። ባድሩ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በየጉዞው ከከተማው ርቆ፣ ጀልባ ከማይደርስበት ዳርቻ፣ በጄሪካን የባሕር ውኃ እየቀዳ፣ መርጃን የበቀለበትን ድንጋይ በበረዶ ሣጥን እያደረገ ያመጣላታል። ኬላ ላይ ፈታሾቹ አረቄ ነው ብለው ጄሪካኑን ከፍተው ይቀምሳሉ፤ ቀምሰው ይተፋሉ፤ ተፍተው ይሳደባሉ። እሱ ሳቁን ውጦ ያልፋል። እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት።

ዘይኑና ፈዲላ ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ተጠላሉ።

"ጋሽ ዘይኑ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን" አለችው። "ብረት አይገባም፤ ነሐስና መዳብ ደግሞ በጭራሽ። ነሐስ ጨው ውኃ ውስጥ መርዝ ያወጣል። ዓሣው ቢችለው እንኳ ሽሪምፑንና መርጃኑን ይጨርሳል።"

"ነሐስ? ነሐስ እኮ ዕድሜ ልኩን የማይዝግ ነገር ነው! አንቺ የቧንቧ ሥራ የተማርሽው የአረብ ሰሐን ስታጥቢ ነው?"

"አዎ፣ ሰሐን እያጠብኩ ነው የተማርኩት። ከፈለጉ ላስተምርዎት።"

ዘይኑ ጥርሱን ነክሶ ሥራውን ጀመረ። ትልቁ የመስታወት ገንዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ ውኃው የሚጣራበት ትንሹ ገንዳና ፓምፑ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ናቸው። ውኃው ከላይ ሞልቶ በአንዱ ቧንቧ ወደ ጓዳ ይወርዳል፤ ፓምፑ በሌላው ቧንቧ ግድግዳውን አሳልፎ መልሶ ወደ ሳሎን ይገፋዋል። እስከዚህ ድረስ ጠብም ቢኖር ሥራው ሄደ።

ጣጣው የመጣው ከመብራት ነው። በእኛ አገር መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ውኃው በመጣበት ቧንቧ ቁልቁል ተመልሶ ጓዳውን ያጥለቀልቃል። ፈዲላ መድኃኒቱን ታውቃለች።

"ቧንቧው ላይ፣ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርገው ቀዳዳ ይብሱልኝ። ውኃው እዚያ ድረስ ሲጎድል አየር ይገባና መመለሱ ይቆማል።"

ዘይኑ መብሻ ትራፓኖውን አስቀመጠና አፍጥጦ አያት።

"ምን አልሽኝ? ቀዳዳ? እኔ? ሠላሳ ዓመት የሰው ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ እጄ የሠራሁትን ቧንቧ ልብሳ? ነገ ሰው ሳሎንሽ መጥቶ ከዘይኑ ቧንቧ ውኃ ሲፈስ አየሁ ይበል?"

"ይበላ! ዓሣው ይኑር እንጂ ሰው የፈለገውን ይበል።"

በማግሥቱ ፈዲላ ገበያ ስትወጣ ዘይኑ የራሱን መላ መታ። ውኃ ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች የማይመልስ፣ ባለሙያዎች ቼክ ቫልቭ የሚሉት ነገር አለ። እጁ ላይ የነበረው ግን የነሐስ ነው። እሱን ቧንቧው ግድግዳውን በሚያልፍበት ላይ ገጥሞ በሲሚንቶ ደፈነው። ስትመለስ ፓምፑን ከመብራት ነቅላ ሞከረችው፤ ውኃው ንቅንቅ አላለም።

"ቀዳዳውን የት በሱት?"

"ከውኃው በታች ነው፣ አይታይሽም።"

"እጅዎ ይባረክ ጋሽ ዘይኑ" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለት። ምርቃቱን ዋጠው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሽሪምፖቹ በጀርባቸው ተገልብጠው ተገኙ። ከዚያ መርጃኑ መፍካቱን ተወ፤ ተኮማተረ፤ ነጣ። ፈዲላ ዘይኑን አስጠራችው።

"እውነቱን ይንገሩኝ። ነሐስ አስገብተዋል?"

"ወላሂ አላስገባሁም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የወላሂን ክብደት የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጁምዓ አምልጦት አያውቅም። ግን "ተሳስቻለሁ" የምትለዋን ቃል ምላሱ ለምዷት አያውቅም። ደግሞም በዚያች ሰዓት ነሐስ ሽሪምፕ ይገድላል ብሎ ሙሉ በሙሉ አላመነም ነበር። ጠረጠረ እንጂ።

በዚህ መካከል ባድሩ ሁለት ጄሪካን አንጠልጥሎ ገባ። እናታቸው እሜቴ መስኡዳ መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

"ይህን ውኃ ከየት ነው የቀዳኸው?" አለች ፈዲላ፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

"እንዳልሽኝ ነዋ፣ ከከተማው ወጣ ብዬ።"

"ውሸትህን ነው! መንገዱ ረዝሞብህ ከወደብ፣ የመርከብ ናፍጣ የፈሰሰበትን ነው የቀዳህልኝ! ፈጀህብኝ!"

"ፈዲላ፣ ወላሂ ከዚያው ከ…"

"በአላህ ስም አትዋሽ! ቀጣፊ!"

በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳሎን ሁለት ወላሂ ተማለ። የዘይኑ ታመነ፣ የባድሩ ተጣለ። ዘይኑ መፍቻውን ይዞ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። አንዲት ቃል መተንፈስ ይበቃው ነበር። ጫማውን አየ።

ባድሩ ጄሪካኖቹን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፤ በዘይኑ አጠገብ አልፎ ወጣ። "ኧረ ልጆቼ፣ በውኃ?" አሉ እሜቴ መስኡዳ።

ሳምንት ሳይቆይ ፈዲላ በሌለችበት ዘይኑ "ቧንቧውን ልፈትሸው" ብሎ ገባና ግድግዳውን ፈልፍሎ ቫልቩን አወጣው። ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። በምትኩ ፕላስቲክ ቀጠለ፤ አልበሳም ያላትን ቀዳዳ በሳ፤ ግድግዳውን መልሶ ደፈነ። የሚቀረው እውነቱን መናገር ብቻ ነበር፤ እሱን ተወው።

ያ ነው ነገሩን ይበልጥ ያከፋው። ፈዲላ ውኃውን በሌላ ሾፌር አስመጥታ ደጋግማ ቀየረችው፤ አዲስ መርጃንም አስገባች፤ መርጃኑ ፈካ። "አያችሁ? ሐቂቃ እኔ ጋ ነበር!" እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች። ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። ባድሩን ሾፌር ጓደኞቹ "ጨው ሌባው!" እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ቀልዱ መሮት የጅቡቲን መንገድ ተወና በወልድያ መስመር እህል መጫን ያዘ። እህቱ ካለችበት ቤት ድርሽ አላለም። ዘይኑ ባድሩን አስፋልት ላይ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ማታ ሚስቱን በሆነ ባልሆነው ይቆጣል።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ የመጣው ያን ክረምት ነው። የባድሩ መኪና ላይ ከባድ መሣሪያ የወደቀው በነሐሴ፣ ከወልድያ ሲመለስ ነው። አስከሬኑን በአይሱዙ አመጡት።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሊሰገድበት ሲል ሼሁ እንደ ልማዱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ወገኖቼ፣ በባድሩ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ወይም ለአላህ ብሎ ይቅር ይበለው።"

ከሴቶቹ በኩል ፈዲላ ብድግ አለች። ባድሩን ቀጣፊ ካለችበት ቀን በኋላ እናቷ አንዲት ቃል ተናግረዋት አያውቁም፤ ፊቷ በእንባ አብጧል።

"እኔ… የውኃውን ሐቅ ይቅር ብዬዋለሁ" አለች። "ስለዋሸኝ ይቅር ብዬዋለሁ። አላህም ይቅር ይበለው።"

ዘይኑ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወደ ፊት ወጣ። ባድሩ ባልሠራው ወንጀል ይቅርታ ተደርጎለት ሊቀበር ነው። "አልዋሸም!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "አልዋሸም! የዋሸሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ውስጥ ነሐስ የቀበርኩት እኔ ነኝ። በአላህ ስም የማልኩት እኔ ነኝ። ውኃው ንጹሕ ነበር።"

ፈዲላ በሴቶቹ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። "አንተ!" አለች፤ "ጋሽ" ቀረ፣ "አንቱ" ቀረ። "አንተ ከሐዲ! ወንድሜን በገዛ አፌ አስገደልከኝ!"

እሜቴ መስኡዳ በዱላቸው ተደግፈው እስከ ወንዶቹ ድረስ መጡ፤ የከለከላቸው የለም።

"ያን ቀን ቆመህ ነበር አይደል?"

"ቆሜ ነበር፣ እሜቴ።"

"ልጄ ባጠገብህ አልፎ ሲወጣ አየኸው?"

"አየሁት።"

"ከዚያ ወዲያ ስንት ወር በሕይወት ኖረ?"

"ሦስት ወር።"

ሼሁ ጣልቃ ገቡ። "እሜቴ መስኡዳ፣ ሰውየው በራሱ ላይ መስክሯል። ለአላህ ብለው ይቅር ይበሉት።"

"ሐቁ የኔ አይደለም፣ የባድሩ ነው" አሉ። "ይቅር ይል የነበረውም እሱ ነው።" ከዚያ ፊታቸውን አዙረው "ፈዲላ፣ ነይ ልጄ" ብለው ተጣሩ።

ሶላቱ ተሰግዶ ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሱ። ዘይኑም ሊሸከም እጁን ዘረጋ። በአራቱም ጎን ዞረ፤ ቦታ የሚለቅለት አንድ ሰው አላገኘም።