ትልቁ ላይ ሰካው

ዛሬ ሳጃና ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ጥቁሩንና ቀዩን ቤዝ ጊታር እያስመታሽ፣ እኔን አያትሽን "ሀቦባ፣ የቱ ይሻላል?" ስትይኝ፣ የጋለ አምፕሊፋየር ሸተተኝና ዴም ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን መጣብኝ። ጻፊው እንግዲህ።

ስምንት ዓመቴ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን ሊያልቅ ሲል እናቴ "ኢቃማችን ይታደስበት፣ ቤዙ ይሸጥ" ብላ አንድ ሱዳናዊ የሰርግ ሙዚቀኛ ሊገዛ መጣ። አባቴ ስፒከሩ የተቀደደው ትንሹ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ መታለት። እንደ ጣሳ ተንኳኳ። ሰውዬው "ላ፣ ላ፣ ይሄማ አልቆለታል" ብሎ ተነሳ። አባቴ እንዳይሸጥ አውቆ ነው ለካ፤ እኔ ግን ተዋረደብኝ ብዬ፣

"አባዬ፣ ትልቁ ላይ ሰካው እንጂ! ሁሌ በሱ አይደል የምትመታው?" አልኩ።

ሰውዬው ሳቀ። "ያላ፣ ልጅቷ እንዳለችው!"

አባቴ ሰካው። ወለሉ ከውስጥ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው እዚያው ገዛው።

አባቴ የጊታሩ ማንገቻ ብቻ እጁ ላይ ቀርቶ፣ እሱን እየጠቀለለ፣ "ጆሮሽስ የኔ ነው፤ አፍሽ ግን የእናትሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት የሚመታው ጉልበቱን ነበር፣ በጣቱ።

ለዚህ ነው ዛሬ "እኔ ምን አውቃለሁ" ያልኩሽ። አንቺም ጥቁሩን ገዛሽ። ቀዩ ነበር የሚሻለው።