የተነሣበት ሰዓት

ሱሀይላ አበጋዝ በየማለዳው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የትምህርት ቤቱን በር ትከፍታለች። በሩ የብረት ነው። የግራው ክንፍ መሬት ስለሚጎትት በትከሻዋ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትገፋዋለች። ከዚያ በሩ ሥር ካለው ድንጋይ አጠገብ ትቆምና የሚገቡትን አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች።

«መለሰ፣ እንደምን አደርክ።»

«ሐረግ፣ ጥርስሽ ተወሽ?»

«መምህር ይሄነው፣ ጉሮሮዎ እንዴት ሆነ?»

ትምህርት ቤቱ በመካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከሚያልቅበት በላይ ነው። ስድስት መቶ አርባ ተማሪና ሠላሳ አንድ መምህር አለው፤ ሱሀይላ ስሙን የማታውቀው የለም። በጥበቃነት በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት የየክፍሉን የስም ዝርዝር ገልብጣ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ በአራት ወር ሁሉንም በቃሏ ያዘችው። ስትጠራቸው ፈገግ አትልም። ፊቱን ታያለች፣ ስሙን ትላለች፣ ታሳልፋለች። አንዳንዱ ተማሪ መጀመሪያ የምትቆጣ መስሎት አንገቱን ይደፋ ነበር። አሁን ሳትጠራው ብትቀር ቆሞ ይጠብቃታል።

ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣችው የሚጠይቃት ሲኖር አጭር መልስ አላት። ሪያድ ሰባት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሳልማ ትባል ነበር፤ እመቤቲቱ ሌላ ስም መልመድ ስላልፈለገች ሱሀይላንም ሳልማ እያለች ጠራቻት። በተመለሰችበት ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፖሊሱ ፓስፖርቷን ይዞ «ሱሀይላ አበጋዝ» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጣራ ዞር አላለችም። ከኋላዋ የቆመችው ሴት ጎነጠቻት።

«ሰባት ዓመት የሰው ስም ለብሼ ኖርኩ» ትላለች። «የራሴን ሲሰጡኝ ጠበበኝ።»

ከዚህ በላይ አትናገርም።

አዲሱ ርዕሰ መምህር በፍቃዱ የመጣው በመስከረም ነው። ሥራ የሚወድ ሰው ነው፤ የፊዚክስ መምህሩ ሲታመም ጠመኔ ይዞ የሚገባው ራሱ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የወረዳው ግምገማ ትምህርት ቤቱ በሰዓት አከባበር ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጥቶ ነበርና ይህን ለማስተካከል ቃል ገብቶ መጥቷል። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቅጽ ይዞ ወደ በሩ ወረደ። ቅጹ አራት ዓምድ አለው፦ ተራ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ክፍል፣ የደረሰበት ሰዓት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚደርስ ተማሪ ይመዘገብና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ሰንደቁ ፊት ይንበረከካል። የሚያረፍድ መምህርም በሌላ ወረቀት ይመዘገባል፤ ወረቀቱ በሩ ላይ ይለጠፋል።

ሱሀይላ ቅጹን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ስም የሚጻፍበት የታል?»

«ቁጥሩ ይበቃል። ስም ያምታታል።»

«እኔን አያምታታኝም።»

«ወይዘሮ ሱሀይላ፣ ቅጹ የተሠራው ለእርስዎ አይደለም። ለሪፖርት ነው።»

ቅጹ ሥራ ላይ የዋለው ሰኞ ቀን ነው፤ ሰኞ ደግሞ እንደሌላው ቀን አይደለም። ከዓባይ አፋፍ ካሉት ቀበሌዎች የሚመጡ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ለሦስት ለአራት ሆነው ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደየቤታቸው ይወርዳሉ፤ ሰኞ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ይወጣሉ። ወፍጮው ቅዳሜ ብቻ ይሠራል፤ እሑድ በቀን የሚጋግር የለም፤ እንጀራው የሚወጣው እሑድ ማታ ነው። ስለዚህ የሚነሡት ሌሊት ነው፤ የሚደርሱትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ሰኞ አሥራ አራት ተማሪዎች አረፈዱ። ሱሀይላ ቁጥራቸውን ጻፈች። ሰንደቁ ፊት ሲንበረከኩ ሸክማችሁን አውርዱ ያላቸው አልነበረም። ከመካከላቸው አልታዬ ንጉሡ የተባለችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የበሶ ከረጢቷ ትከሻዋ ላይ ተተረተረ። ዱቄቱ በአንገቷ ወርዶ ደረቷን አነጣው። ከሰልፉ አንዱ «ዱቄት ፋብሪካ» አለ፤ ሰልፉ ሳቀ። አልታዬ እጇን አንሥታ አልጠረገችውም። ደወሉ እስኪደወል እንደነጣች ቆየች።

በዚያው ቀን የመምህራኑ ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ነበረበት፦ ይሄነው፣ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። ይሄነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ማንም ሳያዘው ማታ ማታ የሚያስጠና የሒሳብ መምህር ነው። ወረቀቱን በሩ ላይ አነበበው። በዚያ ቀን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳውን ይዞ ወጣ።

«ዛሬ ጥናት የለም?» አለችው።

«ሰባት ደቂቃ ያጎደለ ሰው እንዴት ሁለት ሰዓት ይሰጣል፣ እትዬ ሱሀይላ?»

ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ሰዓት ወጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መብራት በጊዜ ጠፋ።

በሁለተኛው ሰኞ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ዳገቱን ጨርሰው ብቅ አሉ። አልታዬ ከሁሉም ኋላ ነበረች። በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ስንቋን አስደገፈችና ተቀመጠች።

«አልታዬ፣ ግቢ።»

«አልገባም።»

«ምን ልትሆኚ ነው እዚህ?»

«ትንሽ አርፌ እመለሳለሁ። ስንቁ ለአባቴ ይሆነዋል።»

«ከዚያስ?»

«የአክስቴ ልጅ ያለችበት ዓረብ አገር እሄዳለሁ። ደላላው ዕድሜ አይጠይቅም።»

«እዚያ ማን ብለው እንደሚጠሩሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚህስ?» አለች አልታዬ። «ዜሮ አራት አንድ ሰባት ነኝ። ቁጥር መሆኔ ካልቀረ እየተከፈለኝ ልሁን።»

ሱሀይላ ጥበቃ ቤት ገብታ ቅጹን፣ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ «የመታወቂያ ቁጥር» የሚለውን ሰረዘችና በላዩ «ሙሉ ስም» ብላ ጻፈች። በስተቀኝ በኩል አንድ መስመር አሰመረች። ከዓምዱ አናት ላይ «የተነሣበት ሰዓት» አለችው።

«ስንት ሰዓት ተነሣሽ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ስንት ሰዓት ነው ያልኩሽ?»

«ዘጠኝ።»

«የሌሊቱ?»

«ታዲያ የቀኑ ሊሆን ነው?»

አንደኛው ልጅ ሳቀ። ሱሀይላ አልሳቀችም፤ ጻፈች። አሥራ ሁለቱንም ጠየቀች። አለምነው ስምንት ተኩል ላይ ተነሥቶ ነበር፤ የእሱ ቤት ከሁሉም ይርቃል። ቀጥላ ሳምንቱን በሩ ላይ የሰነበተውን የመምህራኑን ወረቀት ገነጠለችና ከይሄነው ስም ጎን እንዲህ ብላ ጨመረች፦ «ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ የወጡት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ።» ሰዓቱን ልብ ያለ ሌላ ሰው የለም፤ ከእሱ ኋላ በሩን የምትቆልፈው እሷ ናት። ወረቀቱን መልሳ ለጠፈችው።

«ስንቃችሁን እዚህ አውርዱ» አለች የጥበቃ ቤቱን በር ከፍታ። «አብሽሪ፣ አልታዬ። ተነሺ። እኔ ከፊት እሄዳለሁ። ተንበርከኪ ከተባልሽ ያኔ ትመለሻለሽ፤ አልይዝሽም።»

አልታዬ ድንጋዩ ላይ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ከረጢቱን አስገባች።

የሰኞ ሰልፍ ማስታወቂያ ስለሚበዛበት እስከ ሁለት ሰዓት ከአርባ ይቆያል። በፍቃዱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። ሱሀይላ አሥራ ሁለቱን አስከትላ ሰንደቁ ሥር ደረሰችና ወረቀቱን ከፍታ፣ ጠዋት በር ላይ በምትጠራበት ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«አልታዬ ንጉሡ። የደረሰችበት ሁለት ሰዓት ከሃያ። የተነሣችበት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።»

«ወይዘሮ ሱሀይላ፣ ወደ በርዎ ይመለሱ» አለ በፍቃዱ።

«ሪፖርት እያደረግሁ ነው። አለምነው ይመር። የደረሰበት ሁለት ሰዓት ከሃያ። የተነሣበት ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል።»

ከሰልፉ መካከል አንዱ «እኔ ያኔ ገና ሁለተኛው ሕልሜ ላይ ነበርኩ» አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን የተንበረከከ ሰው አልነበረበትም። ሱሀይላ እስኪጨርሱ ጠብቃ ቀጠለች። አሥራ ሁለቱንም ከነአባታቸው ስም አነበበች። ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፋ ወደ መድረኩ ቀና አለች።

«እነዚህ ናቸው። የሚንበረከኩበትን ያሳዩኝ።»

በፍቃዱ ሰዓቱን አየ። ልጆቹን አየ። መምህራኑ በአንድ በኩል ቆመው እሱን ያያሉ።

«ሁላችሁም ወደ ክፍል» አለ።

አሥራ ሁለቱ ከሰልፉ ጋር ገቡ።

በሦስት ሰዓት ሱሀይላ ቢሮ ተጠራች። በፍቃዱ ይቀመጡ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በተማሪ ፊት አዋረዱኝ» አለ።

«ስም ነው የጠራሁት። እርስዎን አልጠራሁም።»

«ወረዳው የሚጠይቀኝ የደረሱበትን ነው። የተነሡበትን አይደለም።»

«እርስዎ ዓርብ ከዚህ ቢሮ የወጡት ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው» አለች ሱሀይላ። «ሐሙስ አንድ ተኩል። ረቡዕ ማጅራትዎን ይዘው ነው የወጡት፤ እራትም የበሉ አይመስለኝም። ወረዳው ይህን ጠይቆዎት ያውቃል?»

በፍቃዱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። የእርስዎንም እጽፋለሁ።»

ውጭ አንድ መምህር «ተቀመጡ» ሲል ተሰማ፤ ወንበሮች ተንጫጩ። በፍቃዱ እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ።

«ማስጠንቀቂያ መጻፍ አለብኝ። ትእዛዝ ጥሰዋል።»

«ይጻፉ።»

«ቅጹን እንዲህ አድርገው ከደገሙ ቁልፉን ያስረክባሉ።»

«ሰኞ እደግመዋለሁ» አለች። «ዛሬ ልንገርዎት ብዬ ነው፤ ያን ቀን ደንገጥ እንዳይሉ።»

ደብዳቤውን ጻፈ፤ ማኅተም አደረገበት። ሱሀይላ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስሟ በሙሉ መጻፉን አይታ ፈረመች። ቅጂዋን አጣጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና ወደ በሯ ወረደች።

በዚያ ቀን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይሄነው ቦርሳውን ይዞ ወደ በሩ መጣ። ወረቀቱ ፊት ቆመ። ከስሙ ጎን የተጨመረውን አነበበ፤ ሱሀይላን አየት አደረጋት፤ እሷ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀባች ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ክፍሎቹ ተመለሰ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መብራት በራ።

ማስጠንቀቂያው በማኅደሯ ውስጥ ይገኛል። ቅጹ አልተለወጠም፤ ከማተሚያ የሚመጣው ዛሬም አራት ዓምድ አለው። አምስተኛውን ሱሀይላ እሑድ ከሰዓት በማስመሪያ ታሰምረዋለች። በፍቃዱ ቁልፉን አልጠየቃትም፤ ደህና አደረጉም አላላትም።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ በመጣው ሰኞ አልታዬ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አምስት ላይ በሩ ዘንድ ደረሰች። ስንቋን ጥበቃ ቤት አወረደችና ሳትጠየቅ «ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አለች፤ ሱሀይላም ጻፈችው።