ላልቶ ይነበብ

«እትዬ ልኬ» የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠራት ሲቆጣ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከቤቷ መንገድ ዳር ባለው ክፍል ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለ የልብስ መሞከሪያ አላት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ልብስ ሰፊ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ገና ደፉን ሲረግጥ ትከሻውን አይታ ልኩን ትነግረዋለች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ያህል ነው። ደንበኛውን ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ይጥበቅ ወይስ ይላላ?»

ይህቺ ሴት ግጥም ውስጥ አለች። ያውም ማንም በማያውቀው ግጥም አይደለም፤ ተማሪ ሁሉ ክፍል ፊት ቆሞ በቃሉ በሚወጣው፣ ሽማግሌ ሁሉ ዕድሜ በተነሳ ቁጥር በሚጠቅሰው ግጥም ውስጥ ነው ያለችው፦

ልጅነት ጠባብ ነው፣ በየወሩ ያጥራል፤
ወጣትነት ልክ ነው፣ መስታወት ይወዳል፤
ጉልምስና ጥብቅ ነው፣ ቁልፉን ይበጥሳል፤
እርጅና ሰፊ ነው፣ የሁሉን ልክ ያውቃል።

አገሩ በሙሉ የመጨረሻዋን መስመር ሲያነብ «ሰፊ» የምትለዋን ቃል ያጠብቃታል፤ እንደ ሰፊ ሜዳ፣ እንደ ሰፊ አዳራሽ። እርጅና ማለት ዕረፍት ነው፣ ሆደ ሰፊነት ነው ተብሎ ይተረጎማል። እትዬ ልኬ ግን «ላልቶ ነው የሚነበበው» ባይ ናት፤ በሯ ላይ እንደተጻፈው ሰፊ፣ መርፌና ክር እንደያዘው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይምና ክርክሩ ዳኛ አጥቶ ኖረ።

ዋናው ተከራካሪዋ ባሏ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ።

«ገጣሚው እኔን አይቶ ነው የጻፈው» ይላል፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። «ሆደ ሰፊ!»

«አንተን የማየት መከራ ሳይደርስበት ነው የሞተው።»

«አንቺስ የት አየሽው?»

እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። የት እንዳየችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።

ገና ወጣት ሳለች፣ ሱቁን በከፈተች ሰሞን፣ አንድ ማለዳ አንድ መምህር ቦርሳውን ከኋላው ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ ገባ። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ሱሪው ከመቀመጫው ተተርትሮበት ነው። ሌላ ሱሪ ቤቱም የለውም። አውልቆ ሰጣትና የገበር ጨርቅ ተጠቅልሎ መጋረጃው ጀርባ ተቀመጠ። ከእሱ በፊት ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ መምህርም ቢሆን ወረፋ ወረፋ ነው። እዚያው ተወሽቆ የሚሆነውን ሁሉ ሰማ። አንዲት እናት «ትናንት የተገዛ ዩኒፎርም ዛሬ አጠረ!» ብላ ልጇን እንደ ጥፋተኛ ትቆጣለች። አንድ ሙሽራ ኮቱ ልኩ ሆኖለት ከመስታወት ፊት አልነሳ ብሏል። አንድ ወፍራም ነጋዴ ወገቡን ስትለካው ትንፋሹን ለቀቀና ቁልፉ ተበጥሶ መጋረጃው ሥር ተንከባለለ። መምህሩ አንስቶ እጁን ብቻ ከመጋረጃው አውጥቶ አቀበላት።

ቤቱ ጭር ሲል ከመጋረጃው ኋላ ጠየቃት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ለክተሽ ለክተሽ ስታረጂስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሳረጅማ ሰፊ ነኛ!» አለች፤ ጥያቄው ራሱ አናዷት ነበር። «ያን ጊዜ የሁሉንም ልክ አውቃለሁ፤ ሜትር እንኳ አያስፈልገኝም።»

 እሱም ከመጋረጃው ኋላ አራቱን መስመሮች ቀስ እያለ ሲላቸው ሰማች። የመጨረሻዋን ደገማት፤ ሁለቴም «ሰፊ»ን አላልቶ ነው ያላት። ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። «አደራሽን» አላት፣ «ያለ ሱሪ ገጠመ እንዳታሰኚኝ።»

«የሰፊ አፍ የተሰፋ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

ግጥሙ ታተመ፣ ተወደደ፣ አገር አዳረሰ። መምህሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ በኋላም ማረፉን ሰማች። እትዬ ልኬ ጨርቅ አጥፋ ታውቃለች፤ ቃሏን ግን አጥፋ አታውቅም። ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትረታበት ማስረጃ በእጇ እያለ፣ የሰው ገመና ነውና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተረታች።

አንድ ቅዳሜ ታላቁ ልጇ በጠዋት መጣ። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው። ከሰዓት በኋላ የአዲስ ቅርንጫፍ ምርቃት ላይ ንግግር ስላለበት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሷል። ለእናቱ የቤት ውስጥ ቀሚስ ገዝቶ ነበር። ዘርግታ አየችው።

«ይሄ ቀሚስ ነው ወይስ ድንኳን?»

«እንዲመችሽ ብዬ ነው፣ እማዬ። በቃሽ እኮ! እጅሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የስፌት መኪናውን የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ክፍሏን አንቺ ፀሐይ የምትሞቂባት እናደርጋታለን። ግጥሙስ ምን ይላል? እርጅና ሰፊ ነው!» አለና ቃሏን አጠበቃት።

ያቺ የጠበቀች ቃል ከባሏ አፍ ስትወጣ ቀልድ ነበረች። አሁን ግን ሱቋን ልትዘጋባት መጣች። እትዬ ልኬን ከፋት። ልክ ልኩን ልትነግረው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ መምህሩን፣ መጋረጃውን፣ ሱሪውን። ዋጠችው።

«አልዘጋም» አለች። «ሳረጅ እሰፋለሁ ብዬ ቃል የገባሁለት ሰው አለ።»

«ማነው እሱ?»

«ሞቷል።»

«ሙት ከሳሽ አይሆንም» አለ ባሏ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ።

«እኔ ግን አለሁ!»

ልጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መኪናው በበሩ ይወጣ እንደሆነ ለማየት ኮቱን አውልቆ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ አነሳው። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ከኋላ ግን ጨርቅ ሲተረተር ለሁሉም ተሰማ፤ የወገቡም ቁልፍ ተፈናጥሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ባሏ ሳቁን አፍኖ፣ አፍኖ፣ አቃተው። እትዬ ልኬ አልሳቀችም። መነጽሯን አደረገች፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ሙከራ ሰካች፣ እጇን ዘረጋች።

«በል አውልቅ።»

ልጅዬው ያንን የገዛውን ቀሚስ ተጠቅልሎ መጋረጃው ኋላ ተቀመጠ። መኪናው መሽከርከር ጀመረ። የሚንቀጠቀጠው እጇ ጨርቅ ሲነካ እንደሚረጋ ልጇ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። እግሯ መርገጫው ላይ፣ አንገቷ ቀና፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ኩራቷ፤ እንዲህ ሆና ያያት ልጅ ሳለ ነበር።

አንዲት ሴት ዩኒፎርም ይዛ ብቅ አለች። «ሰፊ አለች?»

«አለች፣ ግቢ!» አለች እትዬ ልኬ፤ ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞር ብላ «ሰማህ? በሬ ላይ የተጻፈውን አንድም ሰው አጥብቆ አንብቦልኝ አያውቅም። ግጥም ላይ ሲሆን ምን ነክቷችሁ ነው?» አለች።

መኪናዋን እየረገጠች ቀጠለች።

«ደግሞ እዚያ መጋረጃ ኋላ ካንተ በፊት ሱሪውን አውልቆ ወረፋ የጠበቀ ትልቅ ሰው ነበር።»

«ማን?»

«ሰፊ የደንበኛ ስም አያወጣም።»

 እንደ ድሮው ከመጋረጃው ኋላ፣ ልጇ ግጥሙን በቀስታ ሲወጣው ሰማች፤ ልጅነትን፣ ወጣትነትን፣ ጉልምስናን። የመጨረሻዋ መስመር ላይ «ሰፊ» ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷም ሱሪውን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ፈተሸች፤ በመቀሷ ወገቡን ልትፈታ ተዘጋጀች።

«ወገቡንስ?» አለች፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደምትለው። «ይጥበቅ ወይስ ይላላ?»

«ይላላ» አለ ልጇ። «ሁለቱም ይላላ፣ እማዬ።»