እናቴ እጅ ላይ የታሰረው ቁጥር

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ በሌለበት «እልኸኛው» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ቁጥር «ታዛዥ»፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈለውን «እልኸኛ» እያለ ነበር የሚያስተምረው። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ትምህርቱም ይገባቸዋል። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

አላበቃም። ታናሽ ወንድሙን ይዞ የተገለበጠው አውቶቡስ ታርጋው እልኸኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የበር ቁጥር አይቶ ጥሩ ቤት ሳይከራይ ይመለሳል፤ ስልክ ቁጥር ያስቀይራል። እኔን የሚያናድደኝ፣ ስንት ታዛዥ ታርጋ እንደተገለበጠ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቁ ነው፤ ያውም የሒሳብ ሰው ሆኖ! እናቴ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር። እያደር ግን እሷም ላይ ተጋባባት፤ «ይካፈላል?» ሳትል ምንም ነገር አትጀምርም።

ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘና ቀዶ ጥገና ታዘዘላት። ሐኪሙ ነገሩ ጊዜ እንደማይሰጥ ቁርጡን ነግሮናል። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ነርሷ ቁጥር ያለበት አምባር አሰረችላት፤ 104729 ይላል። እናቴ እጇን ወደ አባቴ ዘረጋች።

«ይካፈላል?»

«ቆይ እስቲ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ በናትህ! ዝም ብለህ አዎ በላት» ብዬ ጆሮው ላይ አንሾካሾክሁ። አልሰማኝም። እያጉተመተመ ለሰባት ሲያካፍለው ሁለት ተረፈ፤ ለአሥራ ሦስት፣ አንድ። ከሦስት መቶ ሃያ ሦስት በላይ መሞከር እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ነርሷ መጥታ «እማማ፣ እየጠበቁን ነው» አለች። እናቴ ባለጎማው አልጋ ላይ እንዳለች የግድግዳውን ብረት ጨብጣ ይዛለች።

«ሳይነግረኝ አልገባም።»

መጨረሻው ላይ ሲደርስ የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ቁጥሩ እልኸኛ መሆኑ ገባኝ። በማላምንበት ነገር እኔም ፈራሁ።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «ይካፈላል፤ ለሦስት መቶ ሰባት። ሦስት መቶ አርባ አንድ ይደርሳል።»

በቁጥር ሲዋሽ አይቼው አላውቅም።

«ተመስገን» አለች እናቴና ብረቱን ለቀቀች። ነርሷ አልጋውን መግፋት ጀመረች።

በሩ ጋ ሲደርሱ እናቴ አምባሯን ቀና አድርጋ ተመለከተችው። አባቴ የጠራቸው ሁለት ቁጥሮች አንዱ በሰባት፣ ሌላው በአንድ ያልቃሉ፤ ሰባት በአንድ ቢባዛ ያው ሰባት ነው፤ የአምባሩ ቁጥር ግን የሚያልቀው በዘጠኝ ነው። ይህን ለማየት ወረቀትም እርሳስም አያስፈልግም፣ በተለይ ዕድሜዋን ከሱ ጋር ለኖረች ሴት። አንገቷን አዙራ አየችው። አልተቆጣችም፤ አልጋውንም አቁሙልኝ አላለችም።

«ልጄን አደራ» አለችው፤ በሩም ተዘጋ።