እናቴ ክፍሌን ለሰው ያሳየች ዕለት

ያን ቀን በረዶው ስለበረታ ከቢሮ በጊዜ ለቀቁን። ቤት ገብቼ ደረጃውን ስወጣ የእናቴን ድምፅ ከክፍሌ ሰማሁት። «መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል» ትላለች። በሩ ላይ ስደርስ አንዲት የማላውቃት ሴት ቦት ጫማዋን በእጇ ይዛ አልጋዬ አጠገብ በካልሲ ቆማለች። ቁም ሳጥኔም ተከፍቷል። ክው አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ ስታየኝ ምንም አልመሰላትም። «መጣሽ? ክፍሉን እያሳየኋት ነው» አለችኝ። «እዚያው አየር ማረፊያ ከእኔ ጋር አንድ ሺፍት ናት። ከአገር ቤት ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ቤት ትፈልጋለች።» ቤት መፈለጓስ እሺ፣ ግን የማን ክፍል ነው የሚከራየው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የመንግሥት ሥራ አገኘሁ። ቢሮው በምንኖርባት በካናዳዋ ካልጋሪ ደቡብ ጫፍ፣ ገና ዛፍ ያልበቀለበት አዲስ ሠፈር ውስጥ ነው። እኛ ያለነው ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ፣ ታራዴል የሚባል ሠፈር። ለእናቴ ሠፈሩ ሠርግና ምላሽ ነው፤ አየር ማረፊያ ጽዳት ስለምትሠራ ከቤት እስከ ሥራዋ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ለእኔ ግን ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። መንገዱ ሲቀና አርባ ደቂቃ፣ በረዶ ሲጥል አንድ ሰዓት ተኩል።

በገባሁ በሳምንቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የቤቷን ቤዝመንት፣ የምታከራየውን ምድር ቤት፣ አሳየችኝ። የራሱ መግቢያ አለው፣ ከቢሮ በእግር ሰባት ደቂቃ። ልቤ እዚያው ቀረ። ለእናቴ ግን ምን ብዬ ልንገራት? ያላገባች ሴት ልጅ እዚያው ከተማ ውስጥ እናቷን ትታ ለብቻዋ ቤት ስትከራይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምን እንደሚባል ሰምቻለሁ። «ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?» ይባላል። እኔንማ ማን ይጠይቀኛል፤ የምትጠየቀው እሷ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ብቻዋን ትቻት ልሄድ? ቤዝመንቱን ተውኩት። ማታ ማታ «መንገዱ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ምንም አይልም፣ የሆነ ነገር እየሰማሁ ሳላውቀው እደርሳለሁ» እላታለሁ። ሁለት ዊንተር ሙሉ እንዲህ ስዋሽ ከረምኩ።

ባለፈው ወር ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናዬ ተንሸራታ ተሽከረከረች። ሦስት መስመር አቋርጣ፣ ፊቷን ወደ መጣሁበት አዙራ ዳር ላይ ቆመች። ማንንም አልመታሁም፤ ማንም አልመታኝም። ትንሽ ቆይቼ መኪናዋን አዙሬ ሥራ ገባሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

እና አሁን ክፍሌ ለኪራይ ቀርቧል። «እማዬ፣ አብደሻል እንዴ?» አልኳት። ከተወለድኩ እንዲህ ብያት አላውቅም። ስናደድ አማርኛው ስለሚጠፋብኝ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረስኩት። ለእሷ ብዬ ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ ተሰቃይቼ፣ እሷ ልታስወጣኝ? ከመናደዴ ይልቅ ሆድ ባሰኝ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ባለፈው ወር መኪናሽ ምን ሆና ነበር?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ታክሲ የሚነዱት ጋሼ አይተውሻል። ወደ ኋላ ዞረሽ፣ መሪሽን ይዘሽ ስታለቅሺ። ሊያቆሙልሽ ፈልገው መንገዱ አላስቆም አላቸው። ለእኔ ደወሉልኝ።»

እዚህ ከተማ ውስጥ አበሻ የማያየው ነገር እንደሌለ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ወር ሙሉ! ወር ሙሉ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ እራት እየበላን አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? ከቤቴ ውጪልኝ ልበልሽ? እናት ለልጇ እንዲህ ትላለች? ራስሽ ልውጣ ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ ሁለት ዓመቴ። በረዶ በጣለ ቁጥር መጥረጊያዬን ይዤ ስልኬን ነው የማየው። ክፍሉን ሰው ከያዘው መሄድሽ አይቀርም ብዬ ነው። ቢሮሽ አጠገብ ቤት አይጠፋም።»

ልጇን «ሂጂ» ማለት ቢያቅታት ክፍሏን ለሰው ልትሰጥባት። በዚህ ዓለም እንዲህ ያለ ዘዴ የሚመጣለት የእኔ እናት ብቻ ናት አልኩ በሆዴ።

«ሰው ምን ይላል?» አልኳት።

«ከሚቀብሩሽ ቢያሙሽ ይሻለኛል» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ እሷን ብቻዋን መተዉን ስፈራ፣ እሷ ሁለት ዓመት በሙሉ እንዴት እንደምሄድላት ስታስብ ኖራለች። አብረን እየኖርን ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ሴትየዋ መግቢያ መውጫው ጠፍቷት ወለሉን ታያለች። «እትዬ፣ ከተቸገራችሁ ልሂድ» አለች ለእናቴ። «የሚሆን ከሆነ ግን መቼ መግባት እችላለሁ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የምወጣበትን ቀንም ቢሆን ከአፏ እንደማታወጣው ገባኝ።

«ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ» አልኳት ለሴትየዋ።

እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው።