ማንም የማይቀመጥበት ወንበር

ለሥራ ከደብረ ብርሃን ወደ መቐለ በወጣሁበት ዋዜማ ማታ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። ቆሎው ከልብሱ ጋር ይሁን አይሁን አልተስማማንም። "የሰው አገር ነው፤ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ" አለችኝ። መቐለስ አገርሽ አይደለችም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ናት። ግን ቋንቋውን የማትሰሙበት፣ ብርዱ እንኳ እንደኛው አጥንት የማይሰብርበት ከተማ ስትገቡ፣ ስደት ምን እንደሆነ ትንሽ ይገባችኋል።

ምክሯን ቃል በቃል ፈጸምኩት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠርኩና ከጠዋት እስከ ማታ አንገቴን ማሽኑ ላይ ደፍቼ የሸሚዝ ኮሌታ ስሰፋ ከረምኩ። በስምንተኛው ወር አንገቴ አልቀና አለ። ሕመሙ ከማጅራቴ ተነስቶ ወገቤ ድረስ ይወርዳል። ጫማዬን ለማሰር ጎረቤት መጥራት ጀመርኩ። ለአለቃዬ ብነግረው ዞር ዞር አድርጎ አየኝ።

"የታለ? አላበጠ፣ አልቆሰለ።"

"ውስጡን ነው።"

"ውስጡንማ ማን የማያመው አለ? ሐኪም የጻፈው ወረቀት አምጪና ቆመሽ የምትሠሪበት ቦታ እሰጥሻለሁ። ካላመጣሽ ግን፣ ወይ ማሽኑ ወይ አገርሽ።"

ከምኖርበት ከሓድነት ሰፈር በሚኒባስ ሄጄ አንድ ሐኪም ቤት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ገባሁ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች፣ ፀጉራቸው የሸበተ እናቶች ሳይቀሩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ "ኖር!" ተብሎ ይነሳለታል፤ ለእኔ ለትንሿ እንዲህ ከተነሱማ የመቐለ ሰው ትሕትናው ልክ የለውም ብዬ፣ እጅ ነስቼ "በእግዜር! ኧረ በማርያም ተቀመጡ!" እያልኩ ለመንኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ወገባቸውን ይዘው ነው የሚስቁት፤ ለካ መሳቅም ያማቸዋል።

"ዋይ ጓለይ፣ ልጄ!" አሉኝ አደይ ለተማርያም፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት። "ላንቺ መቼ ተነሳን? ስንቀመጥ እኮ ነው የሚብስብን! እስቲ ኮፍ በሊ፣ ተቀመጪና እዪው።"

ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ተነስቼ አጠገባቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

"ሓቃ እያ፣ እውነቷን ነው" አሉ ለሌሎቹ። የታለ ያበጠው ያለኝ ሰው አልነበረም። ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ የመጠየቅ አባዜ ያዘኝ፤ አንድ በአንድ አዳረስኳቸው። አደይ ለተማርያምን ይቆረጥማቸዋል። አጠገባቸው የቆመውን ሚኒባስ ሹፌር እንደ ኤሌክትሪክ እግሩ ድረስ ይነዝረዋል። የሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ እጁን ሲያነሳ አንገቱን ስለሚወጋው ጠመኔውን ለተማሪ ሰጥቶ በአፉ ያስጽፋል። ትግርኛው ሕመምን "ቃንዛ" ይለዋል። ቃሉን ስጠራው ራሱ የሚያም መሰለኝ።

ተራዬ ደርሶ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ "እንዴት አድርጎ ነው የሚያምሽ?" ስትለኝ መልስ አላጣሁም፤ ከሁሉም ቃል ተውሼ ነገርኳት። ወረቀቱን ጻፈችልኝ። አለቃዬ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር ገልብጦ አየና ለአንድ ወር ቆማ የምትሠራ ልብስ ፈታሽ አደረገኝ።

"ከወሩ በኋላስ?"

"ያኔ ደግሞ ያንቺን ጀርባ እንጠይቀዋለን።"

እሑድ ቤት ደወልኩ። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እየነገርኳት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን እሷ "ወገቤን፣ ወገቤን" ስትል ውሃ እንድንቀዳ የምታመካኝ ይመስለን ነበር፤ ድምጿን እያስመሰልን እንስቅባት ነበር። አፈርኩ።

"እማዬ፣ አንቺንስ ወገብሽን እንዴት አድርጎ ነው የሚያምሽ? ይወጋሻል ወይስ ይቆረጥምሻል?"



"ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ማንም። ልወቅ ብዬ ነው።"

"ቆይ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በሩን ልዝጋው።"