ድንኳን የሚቀመጠው ማነው

ነገሩ የጀመረው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ እጄን አውጥቼ አባል መሆን እንደምፈልግ ስናገር። ያን ያህል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር።

ሆሳዕና ከተማ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ቤተሰቦቼ ዶዮገና ናቸው። እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ማንም አልገፋኝም፣ ፈልጌው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በሶሻል ሊበራሊዝም ላይ ነበር። ሰው እንደ ፈቃዱ ይኑር፣ ሲወድቅ ግን ማኅበረሰቡ ያንሣው የሚል አስተሳሰብ ነው። ባለፈው ክረምት ታምሜ ስተኛ ግን በሬን ያንኳኳ አልነበረም፤ አከራዬም ቦኖሻ ከተማ የሚኖሩ እህታቸው ጋ ሄደው ነበር። የጻፍኩትን ግማሹን ብቻ እየኖርኩት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የእድሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አባቴ ዶዮገና እድር እንዳላቸው ጠየቁኝ፤ አላቸው አልኩ። ባልስ አሉኝ። የለኝም ስል ከኋላ አንድ ሰው፣ ከሌላት እድሩ ይፈልግላታ፣ ብሎ ሰውን አሳቀ።

«ቲቸር፣ አትቀየሚን» አሉ ሰብሳቢው። «እድር የሚያጽናናው የቀረውን ሰው ነው። አንቺ ብትሞቺ ድንኳን የሚቀመጠው ማነው? ማንን ነው የምናጽናናው?»

የከፋኝ የምራቸውን መሆኑ ነው።

አከራዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። «እኔ እቀመጥላታለሁ። በእኔ ቤት ስም ትግባ፣ እንደ ልጄ።»

ሁሉም እፎይ አለ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከገባሁ ማታ ስንት ሰዓት ቤቴ እንደምገባ፣ ማን እንደሚመጣብኝ ሰፈሩ የሚጠይቀው እሳቸውን እንደሚሆን አሰብኩ። አመሰገንኳቸውና በራሴ መግባት እንደምፈልግ ተናገርኩ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ስንመለስ አከራዬ ቀድመውኝ ሄዱ። ማታ ማታ የሚልኩልኝን ቆጮ ያን ቀን አላኩልኝም።

ከእኛ በታች ባለው ግቢ ቅዳሜ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ነበር። አባል አይደለሁም ብዬ አልሄድኩም፤ የሚጠራኝ እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ጀሪካኔን ውኃ ሞልቼ ወረድኩ። ለሚያበስሉት ሴቶች ሰጠሁና ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የሞቱትን ሰውዬ አላውቃቸውም። ባለቤታቸው አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ነበር፤ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።